ባቡሩ የሚዘገየው በማን ጥፋት ነው? ከስታዲየም እስከ ልደታ የሄደ ክርክር

የክሩ (የዚህ የጽሑፍ ክርክር) መክፈቻ ጽሑፍ አራት መስመር አይሞላም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚዘገየው በመንግሥት እጅ ስለሆነ ነው፤ ለግል ኩባንያ ቢሰጥ ሜክሲኮና ስታዲየም ላይ ያለው ግፊያ በአንድ ዓመት ይቃለላል ይላል። የሠራተኛ እጥረት የሚባለውም ሰበብ ነው፣ ቢሮው ሰው ሞልቶታል ብሎ ይዘጋል። ከሥሩ የመጡት መልሶች ከሃያ ይበልጣሉ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ትቼ የቀሩትን በተራቸው እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታ አቅርቦ፣ ስለ ባለቤት ከማውራት በፊት ሒሳቡ ይሠራ ይላል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በየጣቢያው የሚቆመው ተጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንዱ ጉዞ 51 ደቂቃ ይወስዳል፤ ደርሶ መልሱ 102 ነው። አሽከርካሪው በየጫፉ ካቢን ቀይሮ፣ ፍሬን ፈትሾ እስኪነሳ 6 ደቂቃ ቢቆይ ድምሩ 114 ደቂቃ ይሆናል። ይህን መስመሩ ላይ ላሉት ባቡሮች ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው፦ 19 ባቡር ካለ በየ6 ደቂቃው ይመጣል፣ 6 ባቡር ብቻ ካለ በየ19 ደቂቃው። ተሳፋሪው ዘገየ የሚለው ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻውም አልተመደበም። መልሱ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ እኔ ከክሩ ሁሉ የምመርጠውም ይህንን ነው።

2ኛው በሒሳቡ ይስማማና መሐል ከተማ ሲደርስ ነገሩ ይወሳሰባል ይላል። ከምሥራቅ ምዕራብ የሚሄደውና ከሰሜን ደቡብ የሚሄደው መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ አድርገው፣ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሁለቱም በየ6 ደቂቃው ቢመጡ በጋራው ክፍል ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል ማለት ነው። ከቃሊቲ የመጣው ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ስታዲየም ቢደርስ ተራው አልፎታል፤ ከአያት የመጣው መጀመሪያ ይገባል፣ የቃሊቲው ከመጋጠሚያው በፊት ቀይ መብራት ላይ ይቆማል፤ ዘግይቶ ሲገባ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን የአያት ባቡር ያስቆማል። ስለዚህ ሳሪስ ላይ የተበላሸ በር መገናኛ ላይ ያለውን ሰው ያስጠብቃል። ባቡር ሲያንስ ይህ መጨናነቅ እንደሚቀንስ፣ አሁን ዋናው ችግር እሱ እንዳልሆነም ራሱ ያክላል።

3ኛው ታዲያ ሲመረቅ በአራቱም አቅጣጫ በሰዓት 60,000 ሰው ያጓጉዛል ተብሎ የለ እንዴ ብሎ ይጠይቃል። 4ኛው ቁጥሩን ያለ ርኅራኄ ይበትነዋል። 60,000 ለአራት ሲካፈል በአንድ አቅጣጫ 15,000 ነው። አንዱ ባቡር ተጨናንቆ ወደ 286 ሰው ይይዛል ከተባለ በሰዓት 52 ባቡር ያስፈልጋል፤ በየ70 ሰከንዱ አንድ መሆኑ ነው። ሁለት ሁለቱን ቀጥሎ ማስኬድ ይቻላል ቢባል እንኳ 26 ጥንድ፣ ማለትም በየ2 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ አንድ ጥንድ ይሆናል፤ በጋራው ሐዲድ ላይ ደግሞ የሁለቱ መስመር ተደምሮ ከዚህ እጥፍ። የተገዙት ባቡሮች በጠቅላላው 41 ናቸው። በየ6 ደቂቃው አንድ ነጠላ ባቡር ሲሄድ የሚገኘው በሰዓት 2,860 ሰው ነው። የሚመረቅ ነገር ሁሉ ትልቅ ቁጥር ይወዳል።

5ኛው መልስ የክሩ ረጅሙ ነው፤ ጸሐፊው ዴፖ (ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ግቢ) ውስጥ ያለውን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ባቡር ከአገልግሎት የሚወጣው በአንድ ትልቅ ብልሽት ሳይሆን በሦስት ጥቃቅን ነገሮች ነው ይላል።

አንደኛው የብረት ጎማው ነው። 70 በመቶ ወለላቸው ዝቅ ባለ ባቡሮች፣ በብዙዎቹ የመሐለኛው ፉርጎ ጎማዎች በአንድ አክስል አልተያያዙም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይዞራል። ወለሉን ዝቅ ያደረገው ይኸው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአክስል ሲያያዙ ግን ኩርባ ላይ ባቡሩ ራሱን በራሱ ወደ መሐል ይመልስ ነበር፤ ለብቻ ሲዞሩ ያ የለም፣ የጎማው ጆሮ (ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዙ) ሐዲዱን እየፋቀ ይሄዳል። ኩርባው ላይ ግራሶ የሚቀባው መሣሪያ ባዶ ከሆነ ጆሮው በወራት ውስጥ ይሳሳል። የሳሳ ጆሮ በቶርኖ ተልጦ ቅርጹ ይመለሳል፤ ዋጋው ግን ከዲያሜትሩ በየጊዜው ጥቂት ሚሊ ሜትሮች መቀነስ ነው። በአክስል በተያያዙት በሌሎቹ ጎማዎች ደግሞ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ባቡሩ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፤ ስለዚህ አንዱ ሲጎዳ ደህናውም አብሮ ይላጣል። የመጨረሻው ልክ ሲደርስ መፍትሔው አዲስ ጎማ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር ነው። አንድ በር መዘጋቱን ካላረጋገጠ ባቡሩ ኃይል አያገኝም። በሥራ መውጫ ሰዓት ሰው በሩን በትከሻው ሲይዘው መዘጋቱን የምታረጋግጠው ማብሪያ ማጥፊያ ትንቀሳቀሳለች፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቀበቶው ይዘላል። አሽከርካሪው ወርዶ በሩን በቁልፍ ከሥርዓቱ ለይቶ፣ ዘግቶ፣ ለተቆጣጣሪው ነግሮ እስኪነሳ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ሁለት በር እንዲህ ከሥርዓቱ ከተለየ ባቡሩ ተሳፋሪ አውርዶ ወደ ዴፖ ይመለሳል።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክስ ነው፦ የመብራቱን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ሳጥን። መስመሩ 750 ቮልት ዲሲ ነው። በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ኃይሉ ርቀት ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ ማከፋፈያዎቹ ተቀራርበው የሚተከሉት ለዚሁ ነው። አንዱ ማከፋፈያ ሲጠፋ የጎረቤቶቹ ይሸፍኑለታል፤ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚነሱትን ባቡሮች መቀነስ ግድ ይሆናል። ኃይሉ የሚመለሰው በሐዲዱ በኩል ስለሆነ የመመለሻው መዳብ ኬብል ሲሰረቅ ጉዳቱ ለመብራቱ ብቻ አይደለም፤ የተረፈው የኤሌክትሪክ ጅረት መሬት ውስጥ ገብቶ የውኃ ቧንቧ ይበላል። የሳጥኑ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ሲቃጠል መርካቶ ሄዶ የሚገዛ አይደለም። ስለዚህ ከቆመ ባቡር ነቅሎ ለሚሄደው መግጠም ይጀመራል። የቆመው ባቡር ከሁለት ዓመት በኋላ ቅርፊት ብቻ ይቀራል፤ እሱን ለማስነሳት የሚጠየቀው ገንዘብ በጊዜው አንድ ካርድ ከመግዛት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የመክፈቻው ጸሐፊ በ6ኛው ይመለሳል። የተባለው ሁሉ የእሱን ሐሳብ ያጠናክራል፤ መለዋወጫ የጠፋው የመንግሥት ግዥ ስለሆነ ነው፣ የግል ባለቤት ደውሎ በሳምንት ያስመጣ ነበር ይላል።

7ኛው ትዕግሥት የለውም። ወንድሜ ብሎ ይጀምርና በሳምንት የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ይቀልድበታል። ቀጥሎ ግን ደረጃዎቹን ይዘረዝራል፦ ዴፖው የዕቃውን መለያ ቁጥርና ብዛት ይጽፋል፣ የቴክኒክ ዝርዝር ይዘጋጃል፣ ጨረታ ይወጣል። ዕቃውን የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ብቻ ከሆነ ከአንድ አቅራቢ ለመግዛት ፈቃድ ይጠየቃል። ባንክ ኤልሲ (ለሻጩ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል፤ ከዚያ ፋብሪካው መሥራት ይጀምራል። ባቡሮቹ ቻይና ቻንግቹን የተሠሩ ናቸው፤ ጎማ የሚቀርጽ ፋብሪካ ለ30 ጎማ ብሎ መስመሩን አያቆምም፣ ትዕዛዝ ያጠራቅማል። ከዚያ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ። ከእነዚህ ውስጥ የግል ባለቤት የሚያሳጥረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች ብቻ ነው ይላል። ዋናው ግን ገንዘቡ ነው፦ መስመሩ ሲጀመር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር። ገቢው በብር፣ ዕዳውና ዕቃው በዶላር። የትኛው ነጋዴ ነው ይህን የሚረከበው ብሎ ይጠይቃል፤ ቢረከብም በማግስቱ ትኬቱን እንደሚያንረው ይተነብያል።

8ኛው ያርመዋል፣ በጨዋነት። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ከሐምሌ 2016 በፊት እንደነበረው አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ማግኘት ቀሏል፣ የተወደደው ዋጋው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዶላር አለ ወይ ከሚለው በጀቱ በብር ስንት ተያዘ ወደሚለው ተሸጋግሯል። ይህ ሁለተኛው በባለቤቱ፣ ማለትም በመንግሥት ውሳኔ የሚፈታ ነው ይላል። እዚህ ላይ የመክፈቻው ጸሐፊ ከገመተው በላይ እውነት ይዟል፤ ያስተዋለለት ግን የለም።

9ኛው ወደ ሠራተኛው ይዞራል። አገልግሎቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቢሆን 16 ሰዓት ነው። 19 ባቡር ለ16 ሰዓት 304 የመንዳት ሰዓት ይጠይቃል። አንድ አሽከርካሪ በ8 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ መንዳት ያለበት 6 ያህሉን ነው፤ ቀሪው ርክክብ፣ ፍተሻና ዕረፍት ነው። ስለዚህ በቀን 51 ሰው። ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሲታሰብ 60፤ ለዓመት ፈቃድ፣ ለሕመምና ለሥልጠና 20 በመቶ ሲጨመር 72፣ ለአንዱ መስመር ብቻ። ሌሊትም የማይዘጋ የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ደግሞ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፈቀደው በሳምንት 48 ሰዓት ስለሆነ 3.5 ሰው ይላል፤ ፈቃድና ሕመም ሲገባ ከ4 ሰው በታች አንድ ወንበር አይሸፈንም። 3 ሰው የተመደበበት ጠረጴዛ አንዱ በታመመ ቀን በትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ ሌሊት ያልተኛ ተቆጣጣሪ መጋጠሚያ ላይ ስሕተት የሚሠራው ያኔ ነው።

10ኛው ይህ ሁሉ ሒሳብ ዘመድ ለመቅጠር የተፈለሰፈ ነው ብሎ ይጮኻል። ሌላ የሚለው የለውም።

11ኛው ለ10ኛው ሳይሆን ለ9ኛው ይመልስና ሒሳቡን ይገለብጠዋል። ያው ቀመር ለ6 ባቡር ሲሠራ 23 አሽከርካሪ ይበቃል። ለ19 ባቡር የሠለጠነ 72 ሰው ካለ 49ኙ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ቢሮው ሰው ሞልቶታል የሚለው ሰው የሚያየው እነዚህን ነው። በዚያው ሰዓት ዴፖው ውስጥ የተቃጠለ ካርድ ከፍቶ የሚጠግን ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ቶርኖውን በልኩ የሚያስተካክል ሰው ይጠፋል። ትርፍ ሠራተኛና የሠራተኛ እጥረት በአንድ ግቢ አብረው ያድራሉ። ሳይነዳ ለወራት የቆየ አሽከርካሪም እንደገና ተፈትኖ፣ መስመሩን ከአሠልጣኝ ጋር ተመላልሶ ነው ብቻውን የሚለቀቀው፤ ስለዚህ ባቡሮቹ በአንድ ጊዜ ቢጠገኑ እንኳ አገልግሎቱ በማግስቱ አይሰፋም። ከዚህ በኋላ 10ኛው አልተመለሰም።

12ኛው ከከተማው ወጥቶ ወደ ጅቡቲው መስመር ይሄዳል። እሱም የመንግሥት ነው፣ የሁለት መንግሥት፦ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ። 752 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መስከረም 2009 ተመርቆ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ነው። ግንባታውን የሠሩት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ስድስት ዓመት ሲያስተዳድሩት ቆይተው በግንቦት 2016 አስረከቡ። ባለቤቱ ሳይለወጥ አስተዳዳሪው ብቻ ተለወጠ፤ ስለዚህ ባለቤትና አስተዳዳሪን አትቀላቅሉ ይላል። ቀላል ባቡሩንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያስኬድ የነበረው የሼንዘን ሜትሮ ነው፤ መንግሥት ባለቤት ሆኖ የውጭ ኩባንያ የሚያስተዳድርበትን መንገድ አገሪቱ በሁለቱም ሞክራዋለች።

13ኛው የጅቡቲው መስመር ሲዘገይ ምክንያቱ ሌላ ነው ይላል። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው የጭነት ባቡር አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከአዲስ አበባ የሚሄደው መተላለፊያው ላይ ያን አንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ ከኋላው ያለውም ሌላ ጣቢያ ላይ ይቆማል። 14ኛው ግመል ይጨምርበታል። ከባድ የጭነት ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ግመል ያየ አሽከርካሪ ጡሩምባ ከመንፋት ሌላ ምርጫ የለውም። ከግጭቱ በኋላ መቆም፣ ከሥር የፍሬን ቱቦውን ማየት፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ካሣ መነጋገር አለ። በከብት መሻገሪያ ድልድይና በአጥር የሚወጣው ገንዘብ ከካሣውና ከጠፋው ሰዓት እንደሚያንስ ይከራከራል፤ አርብቶ አደሩ ግን የቀደመ መንገዱ የት እንዳለ ሳይጠየቅ የተሠራ መሻገሪያ አይጠቀምበትም ይላል።

15ኛው እንግሊዝን ያመጣል፣ እዚህ ላይ ክሩ ይሞቃል። በ1948 እ.ኤ.አ. ባቡሩን መንግሥት ወሰደው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተከፋፍሎ ለግል ተሰጠ። ሐዲዱን የያዘው ሬይልትራክ የሚባል ኩባንያ ነበር። በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ሃትፊልድ አጠገብ ሐዲድ ተሰብሮ አራት ሰው ሞተ። መሰነጣጠቁ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፣ ሐዲዱ ግን በጊዜው አልተቀየረም። ከዚያ በመላ አገሪቱ ፍጥነት ተገደበ፣ ባቡሩ ለወራት ተዘበራረቀ፣ ኩባንያው በዓመቱ ወደቀ፤ ሐዲዱንም ኔትወርክ ሬይል ተረከበ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተሳፋሪ የሚያጓጉዙትንም ወደ መንግሥት የሚመልስ ሕግ ወጣ፤ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የደቡብ ምዕራቡ የመጀመሪያው ሆነ። እንግሊዝ የተወችውን እኛ ልንጀምር ነው እንዴ ብሎ ያፌዛል።

16ኛው በደስታ አይቀበለውም። ባቡሮቹን የሚያከራዩት ኩባንያዎች ዛሬም የግል ናቸው፤ መንግሥት የወሰደው ማስኬዱን ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ ለብዙ ዓመታት ባቡር ከሚሰረዝባቸው ምክንያቶች አንዱ የአሽከርካሪ ማነስ ነው። አንድ አሽከርካሪ ለማሠልጠን አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ በብዙዎቹ ድርጅቶችም የእሑድ ሥራ በሠራተኛው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ፀሐይ ወጥታ እግር ኳስ ሲኖር ፈቃደኛ ይጠፋል፣ የእሑድ ባቡር ይሰረዛል። ድርጅቱን መንግሥት ሲረከበው ውሉም አብሮ ይሻገራል፤ ማግስቱ ያው እሑድ ነው።

17ኛው ከርዕሱ ወጥቶ ለገሃርን ያነሳል፤ አሮጌው ጣቢያ ለምን እንደገና ባቡር አይገባበትም ብሎ። 18ኛው አጭር መልስ ይሰጠዋል። አሮጌው ሐዲድ 1,000 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፣ አዲሶቹ ሁለቱም 1,435፤ የጅቡቲው በ25 ሺህ ቮልት፣ የከተማው በ750 ይሄዳል። ሰፊው ሐዲድ ከለቡ፣ ከጅቡቲው መስመር ጣቢያ፣ ወደ መሐል ይግባ ቢባል የሚፈርሰው ቤት ነው ዋጋው። 19ኛው የድሮውን ታሪክ ይጎትታል፦ ሸመንደፈርም የተጀመረው በግል ኩባንያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን በ1894 እ.ኤ.አ. ሰጡ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ። በ1908 በተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ አምስት ዓመት፣ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑን ለግል ይሰጥ ባዮች ልብ ይበሉ ይላል። ወገንተኛ ንባብ ነው፤ የመንግሥታት ሽኩቻም እኩል አዘግይቶታል።

የመክፈቻው ጸሐፊ 20ኛውን ይጽፋል፣ ድምፁ ቀዝቅዟል። እሺ፣ ባለቤትነቱ ይቆይ፤ ነገ ምን ይደረግ ነው የምትሉት ብሎ ይጠይቃል።

21ኛው የ5ኛው ጸሐፊ ነው። ሦስት ነገር ያስቀምጣል። ኩርባዎቹ ላይ ግራሶው በየሳምንቱ ተሞልቶ ይፈረምበት፤ ከሁሉ ርካሹ ነው። የትኬቱ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለመለዋወጫ ብቻ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥና ጎማ በየዓመቱ በአንድ ቋሚ ውል ይታዘዝ፤ ያኔ ፋብሪካው በወረፋው ይይዘዋል። ከቆሙት ባቡሮች ውስጥ የማይነሱት በግልጽ ተለይተው የዕቃ ምንጭ ይሁኑ፣ የቀሩት ግን አንድ ቡሎን አይነቀልባቸው፤ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ መንቀል ሁሉንም መግደል ነው።

22ኛው፣ ያው እንግሊዝን ያመጣው የ15ኛው ጸሐፊ፣ አንድ ይጨምራል። እዚያ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ የዘገየ ባቡር ሁሉ ምክንያቱና ተጠያቂው ክፍል ይመዘገባል። እዚህም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰዓት፣ ጣቢያ፣ የባቡር ቁጥር፣ ምክንያት እና የጠፋ ደቂቃ የሚል ባለ አምስት ዓምድ ሰንጠረዥ ሞልቶ በየወሩ ቢያወጣ፣ በር ስንት ደቂቃ እንደበላ፣ መብራት ስንት፣ አሽከርካሪ ስንት ይታወቃል።

23ኛው ያልተመደበ ባቡር በዚያ ሰንጠረዥ ላይ እንደማይታይ ያስታውሰዋል፤ ያልወጣ ባቡር አይዘገይም። ስለዚህ ስድስተኛ ዓምድ ይጠይቃል፦ በዕለቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአያትና ከቃሊቲ ዴፖ ስንት ባቡር ወጣ።